የኋላ ወንበር የሌለው ሹራብ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያውቃት ከደረቷ በላይ ብቻ ነበር። የረጅም ርቀት አውቶቡሶች በሚነሱበት ግቢ ውስጥ ካሉት ሦስት የቲኬት መስኮቶች መካከለኛው የእሷ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ቡናማ ቀለም የተቀባ እንጨት ከብቦታል። በዚያ እንጨት መሃል ፊቷ፣ አንገቷና ትከሻዋ ይታያሉ፤ የቀረውን ግድግዳው ይዞታል። ሾፌሮቹ ገና በመጀመሪያው ዓመት «ጉርድ ፎቶ» የሚል ስም አወጡላት። ያን ጊዜ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። ኋላ ግን የቢሮው ስልክ ሲጠራ ራሷም «አቤት፣ ጉርድ ፎቶ ነኝ» ማለት ጀመረች።

የክፍሏ በር የሚከፈተው በጀርባ በኩል፣ ወደ ጠባቡ መንገድ ነው። ጠዋት በዚያ ትገባለች፣ ማታ በዚያ ትወጣለች። ሾፌሮቹ ባሉበት ሰዓት ግቢውን ረግጣ አታውቅም። ለዚህም የራሷ ምክንያት አላት። ሁለት ትራስ የተነባበረበት ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ መስኮቱን ሞልታው፣ ሰውን ቁልቁል ነው የምታየው። ጡሩምባ የሚሉት ሾፌር አለ፤ ስሙን ያገኘው በመኪናው ክላክስ ሳይሆን በገዛ ጉሮሮው ነው። እሱ ታዲያ ባገኛት ቁጥር «በዚህ ቁመትሽ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥሽ ግፍ ነው!» ይላታል። እሷ ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ከበርጩማው ስትወርድ የመስኮቱ ደፍ አገጯ ጋ እንደሚደርስ ለጡሩምባ የነገረው የለም።

የባሏ እህት ነገሩን ባጭሩ ነው የምትገልጸው፤ «ፈጣሪ ከወገብሽ በላይ ሲሠራ አልሰሰተም። ወደ ታች ሲወርድ ጨርቁ አለቀበት።» የባሏ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ በሰባት ዓመት ስለምትበልጣት «እትዬ» ትላታለች። ሰዉን ሁሉ የምታየው በጨርቅና በሜትር ስለሆነ ነገሯ አያስቀይምም፤ ወይም ባያስቀይም ይሻላል።

ሹራብ መሥራት የለመደችው እዚያው በርጩማ ላይ ነው። አንዱ አውቶቡስ ወጥቶ ሌላው እስኪሞላ ያለው ጊዜ ለእንቅልፍ ያጥራል፣ ለሐሜት ይረዝማል፤ ለሁለት ረድፍ ሹራብ ግን ይበቃል። የሹራቡ ሽቦዎች ጭኗ ላይ ስለሆኑ ተሳፋሪ አያያቸውም። የሒሳብ ሹሙን ሦስት ልጆች፣ የጥበቃውን ሚስት፣ የባሏን ወንድሞች በየተራ አልብሳለች። ሜትር ግን ይዛ አታውቅም። ሰው መስኮቱ ጋ ሲቆም ትከሻውን በዓይኗ ትለካና ትጀምራለች። ትከሻ ላይ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። «ያምራል፣ ግን እምብርቴን በረደኝ» የሚል ሲመጣ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ከሦስት ወር በፊት ነው። ቲኬት በስልክና በማሽን ሊሸጥ ነው፤ መስኮቶቹ ይዘጋሉ። እሷ ወደ ግቢው መውጫ በር ትዛወራለች፤ ሥራዋ ቆማ የተሳፋሪዎችን ቲኬት ማየት ይሆናል። ይህን የማይፈልግ ሠራተኛ መስኮቶቹ ከሚዘጉበት ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፣ በጽሑፍ አመልክቶ ወደ መዝገብ ቤት መዛወር ይችላል። መዝገብ ቤቱ ከፎቁ ሥር ያለ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፣ ወንበር ግን አለው።

ማመልከቻውን የዚያኑ ዕለት ጻፈችና በፖስታ አሽጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ሹራብ ጀመረች፤ ፊቱ ክፍት፣ ባለ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ቀለም።

«ልክ ከሆነልኝ በሩ ላይ እቆማለሁ» አለቻት ለባሏ እህት። «ካልሆነልኝ ደብዳቤውን አስገባለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቆመች። «ሥራሽን ለሹራብ አስረክበሽ ቁጭ አልሽ በይኛ!»

«እትዬ ደግሞ! እንደዚያ አይደለም።»

«እና እንዴት ነው?»

«እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ቁመቴን ከሆነ መሳቂያ ሆንኩ ማለት ነው። መጀመሪያ ሹራቡን ካዩ ግን፣ ቁመቴ ጋ እስኪደርሱ እለምዳቸዋለሁ።»

«ሾፌር ምን ቆርጦት ሹራብ ያያል?»

«ይሄን ያያል።»

እንዲህ ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሽኑ ሲመጣ ሥራ ፈት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ የወንበር ቅጽ ነው፤ በትናንሽ አራት ማዕዘን የተሞላ ወረቀት፣ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን አንድ ወንበር። ሁለት ወንበር፣ መተላለፊያ፣ ሁለት ወንበር፤ ሁለት ወንበር፣ መተላለፊያ፣ ሁለት ወንበር። ቲኬት ሲሸጥ በቀይ እስክሪብቶ ትሞላዋለች። መሳቢያዋን ስታጸዳ ያገኘችው የድሮ ቅጽ ለሹራብ የተሳለ መሰላት። እያንዳንዱን ወንበር በሽቦው ላይ ሦስት ቀለበት አደረገችው። የተሸጠው ቀይ፣ መተላለፊያውና ያልተሸጠው ግራጫ ሆነ። ያው አንዱ ቅጽ እየተደገመ ጀርባዋ ላይ አምስት አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ በፊት ለፊቷ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት።

በሁለት ቀለም መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ግራጫው ሲሠራ ቀዩ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ቀዩ ይወጣና ግራጫው ከኋላ ያልፋል። ከኋላ የሚያልፈው ክር ከተሳበ ሹራቡ ይጨማደዳል፤ ከላላ ደግሞ ጣት እየያዘ ያስቸግራል። እጇ ጸጥ ባለ ቀን ይላላል፣ ሰልፍ በበዛ ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ሹራቡን ገልብጦ ላየ ሰው፣ በሦስቱ ወራት ውስጥ የትኛው ሳምንት ሰው እንደበዛበት ከውስጡ ይነበባል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። አውቶቡሱ በስተኋላ መተላለፊያ የሌለው፣ አምስት ሰው የሚይዝ አንድ ረድፍ ወንበር አለው። አምስቱ ከአራቱ ጋር አልገጥም አሏት፤ ቆጠራው ተዛባ። ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተረተረችውና ዓይኗን ጨፍና ተወችው። ሹራብ ላይ የኋላ ወንበር ማን ይፈልጋል?

ልኩን እዚያው በርጩማ ላይ ሆና ትሞክረው ነበር። በየሳምንቱ የደረሰውን ያህል በመርፌ ቁልፍ ታያይዝና ትለብሰዋለች፤ የታችኛው ጠርዝ ትራሱን ሲነካ ደስ ይላታል። ቤቷ ያለው መስታወት ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተሰቀለ ነው፤ እሱም ጉርድ ነው። ባሏን ጠየቀችው። ባሏ ራት ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ፣ እሷም ከፊቱ እንደተቀመጠች፣ «ያምራል» አላት። ባሏ ስለ መጋረጃው፣ ስለ አዲሱ መጥበሻ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻም የተናገረው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻው ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ሹራቡ ተገጣጥሞ፣ ስድስቱ ቁልፎች ተተክለው አለቁ። በወረቀት ጠቅልላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ወሰደችው። ሱቁ ትልቅ መስታወት አለው፤ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር የሚያሳይ፣ ለማንም የማያዳላ መስታወት።

«ቁሚ» አለች ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ።

ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ዞረቻት። የትከሻውን ስፌት በአውራ ጣቷ ጫን አለች። «አጥንቱ ላይ ነው። ጎበዝ።» ቁልፎቹን ቆለፈችና በቁልፍና በቁልፍ መካከል አፉን የከፈተ ቦታ ይኖር እንደሆነ አየች፤ የለም። ደረቱ ላይ ሁለት ጣቷን አስገባች። «መተንፈሻ አለሽ።» እጅሽን አንሺ አለቻት፣ ብብቱ አልያዛትም። እጅሽን ጣይ አለቻት፣ እጅጌው የእጇ አንጓ ላይ ቆመ። ከዚያ ጀርባዋን በመዳፏ አሸችው።

«እዚህ ጋ የተጨማደደው ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት የተከፈተ ሳምንት ነው። ሰልፉ እስከ መንገድ ደርሶ ነበር።»

«በእንፋሎት ይስተካከላል።» ልብስ ሰፊዋ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እስቲ ተቀመጪ» አለች።

ተቀመጠች። ጠርዙ ወንበሩን ነካ፤ ልክ።

«ተነሺ።»

ተነሳች። ጠርዙ ወደ ወገቧ ዘለለ፤ ሸሚዟ ከሥሩ ብቅ አለ። መስታወቱ ውስጥ ትከሻው እንደ ልብ የተቀመጠ፣ ታቹ ግን እንደ ተማሪ ልጅ ልብስ ያጠረባት ሴት ቆማለች።

«ለማን ነው የሠራሽው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«አይደለም። ለበርጩማው ነው።» ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ዘረጋች። «ስምንት ሴንቲ። ያንን ሁሉ ሰው ሆዱን በብርድ ያስመታሽው እንዲህ እያደረግሽ ኖሯል?»

ሦስት ወር። ሹራቡን አውልቃ በዝግታ አጠፈችው። «እንግዲህ ደብዳቤው ይግባ።»

«የራስሽ ጉዳይ ነው። ሹራብ ይረዝማል። አንቺ ግን ስትፈልጊ የነበረው ሰበብ ከሆነ፣ ይኸው አግኝተሻል።»

«እትዬ፣ ልክ ልኬን ነገርሽኝ እኮ።»

«ለዚህ አይደል የመጣሽው?»

ዓርብ ጠዋት ሹራቡን ለብሳ ሥራ ገባች። ለሰኞ ልታስቀምጠው ነበር፤ አሁን ግን ሰኞ መዝገብ ቤት ናት፣ መዝገብ ቤት ደግሞ ማን ያያታል? ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ተሳፋሪዋን ሸኘች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታውን ያዘች። የኃላፊው ቢሮ ከግቢው ማዶ ነው። በጀርባ በር ወጥታ በመንገዱ ልዙር ብትል በዚያ በኩል ያለው የግቢው በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ስለዚህ ከበርጩማው ወረደች፣ ወደ ግቢው የሚያስወጣውን፣ ተጠቅማበት የማታውቀውን ትንሽ በር ገፋችና ወጣች።

ሾፌሮቹ የአንዱን አውቶቡስ አፍንጫ ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ዓይኗን ከኃላፊው በር ሳትነቅል ፈጠን ፈጠን ብላ አለፈቻቸው። አላለፈቻቸውም።

«ሰዎች!» አለ ጡሩምባ፤ የግቢው ሰው ሁሉ ዞረ። «ጉርድ ፎቶ ሙሉ ፎቶ ሆናለች!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሷም ባለችበት ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጡሩምባ ብርጭቆውን ይዞ እየቀረበ። «እግርሽ የት ሄደ?»

«መስኮቱ ሥር ትቼው መጣሁ» አለች። አፏ ከራሷ ቀድሞ ነው የመለሰው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንጋጥጬ ሳናግርሽ አንገቴ ተጣመመ! ለካ በርጩማ ነው ሳናግር የኖርኩት!»

«በርጩማው ራሱ ካንተ ጋር ማውራት ሰልችቶታል።»

አሁን የተሳቀው በጡሩምባ ነው። ሌሎቹ ትከሻውን እየመቱ «በላት እንግዲህ!» አሉት። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ታዘበች። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ነገር መጥቶ አልፏል፤ የጡሩምባ ሻይ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም።

ልትሄድ ስትዞር «ቁሚ!» አላት። ድምፁ ተለውጧል። ከኋላዋ ሆኖ ጀርባዋን በጣቱ ከርቀት እየቆጠረ ነው። «ሁለት… መተላለፊያ… ሁለት። ይሄ ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የማን መኪና ነው?»

«ቁጠረው።»

«ሰባት ባዶ። አሥራ ስምንት ባዶ፣ አሥራ ዘጠኝ ባዶ…» ብርጭቆውን ለጎረቤቱ ሰጠ። «የኔ ነው! ጎማ የፈነዳብኝ ቀን ነው! በሦስት ባዶ ወንበር የወጣሁት እሱን ቀን ብቻ ነው! አዝለሽኝ ነው የምትዞሪው?»

«አምስት ቦታ አዝዬሃለሁ።»

«አምስት መኪና! ድርጅቱ አንዷን እንኳ አልቀየረልኝም።» ተሰብስበው ይቆጥሩ ጀመር። አንዱ የራሱ ወንበር የተሰበረበትን ቁጥር ያሳያል፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚያስመልሳቸው ሰዎች የሚቀመጡበትን። ጡሩምባ ግን ጎንበስ ብሎ የሹራቡን ጠርዝ ያያል። ፊቱ ጠቆረ።

«የኋላ ወንበሩስ?»

«የለም።»

«እንዴት የለም? አምስት ሰው የት ላስቀምጥ ነው? መኪናዬን ቆርጠሽዋል!»

«ለዚህ ነዋ ያጠረው» አለ አንዱ ሻዩን ፉት እያለ።

ሁሉም ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በልቧ ትቆጥር ነበር። አንድ ረድፍ ወንበር፣ ከላዩ ትንሽ ባዶ ግራጫ፣ ከታቹም እንዲሁ። ስምንት ሴንቲ። የተወችው ያንኑ የጎደላትን ነው።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሁካታውን ይመለከት ነበር። እጇ ላይ ያለውን ፖስታ አየና «ለእኔ ነው?» አላት።

ፖስታውን አየችው። «አይ፣ ጌታዬ» አለች። «የልክ ወረቀት ነው።»

ወደ ክፍሏ የተመለሰችው በመጣችበት መንገድ፣ ግቢውን መሃል ለመሃል አቋርጣ ነው። ፖስታውን ቀደደች፤ በማመልከቻው ጀርባ ላይ መተላለፊያ የሌላቸው አምስት አራት ማዕዘኖች ሣለች። በዚህኛው ጊዜ ቀለበቶቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አጠበበች፤ አምስቱ ገጠሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ሹራቡ የልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከታችኛው ጠርዝ በላይ ባለው ባዶ ግራጫ ላይ አንድ ክር መቁረጥ፣ ክሩን ዙሪያውን መምዘዝ፣ ጠርዙን ማላቀቅ፣ ተንጠልጥለው የቀሩትን ቀለበቶች በሽቦ ለቅሞ ወደ ታች መሥራት። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አነሳች፤ ሠላሳ ዓመት የሰውን ጨርቅ ዓይኗን ሳታሽ የቆረጠች ሴት መቀሱን ሳታሳርፍ አየር ላይ ያዘችው።

«ቢተረተርስ?»

«ከታች ወደ ላይ አይተረተርም፣ እትዬ። ቁረጪው።»

«እኔ አልቆርጥም። ጨርቅ ይሻለኛል፤ ጨርቅ ሲቆረጥ የት እንዳለ ይታወቃል።»

«አምጪው» አለችና መቀሱን ተቀብላ ራሷ ቆረጠችው። ጠርዙ እንደ ቀበቶ ወልቆ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ስትገልጥ የላይኛው ክፍል ቀለበቶች ተደርድረው፣ አንዱም ሳይሸሽ እየጠበቁ ነበር።

ቅዳሜንና እሑድን ሠራች። አራት ማዕዘን ላይና ታች ስለሌለው ተገልብጦ መሠራቱ አይታወቅም። ቀይ ክር ያንሰኛል ብላ ሰግታ ነበር፤ ግን ጡሩምባ ያልሞላቸው ሦስት ወንበሮች ያተረፉት ክር ደረሰላት፣ የክንድ ያህልም ተረፈ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ እንድትቀመጥ አልፈቀደችላትም። «ቆመሽ ሥሪ፤ ወንበር ስታገኚ አመልሽ ይመለሳል» እያለች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስደግፋ አሠራቻት። ሰባተኛ ቁልፍ አስፈለገ፤ ከልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮ ውስጥ ከስድስቱ ጋር የሚመሳሰል ተፈልጎ ጠፋ። የተገኘው ትንሽ ወፈር ያለ ነው። «ጎልቶ ይታያል» አለች። «ይታይ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «ከታች በኩልም ሰው እንደሆንሽ ይወቁ።»

እሑድ ማታ ቤቷ ውስጥ ቆማ ለባሏ አሳየችው።

«ያምራል» አላት። ከዚያ፣ ያልተለመደ ነገር ነው፣ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያኛው አጭር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አምሮ ነበራ።»

ሰኞ ጠዋት መውጫ በሩ ላይ ቆመች። ንፋስ አለ። እጇን ከፍ አድርጋ ቲኬት ስትቀበል፣ ዝቅ ብላ ሻንጣ ስታሳልፍ፣ ጠርዙ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች አንዱ የጡሩምባ ነው፤ አጠገቧ ሲደርስ ቆመና ጭንቅላቱን በመስኮቱ አወጣ። አሁን ከላይ የሚያየው እሱ ነው፤ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ትከሻው።

«ዛሬ ጉርድ ፎቶው አንተ ነህ» አለችው አንጋጥጣ።

«ዙሪ!»

ዞረች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እንዲህ ነው እንጂ መኪና!» ከዚያ ደረቱን ነፋና ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸ፤ «ሦስት ሰው! ሦስት ሰው የቀረው!»

ከግቢው ማዶ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ሮጣ መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሦስት ቲኬት ዘረጋች። ተቀብላ አየችላት።

«የእናንተ የሁለት ሰዓቱ ነው፣ የኔ እመቤት፤ ገና ነው። ይሄ ሰውዬ የሚጠራው የኔን ጀርባ ነው።»

ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ጀርባዋን አየች። ቆይታ ወንበሮቹን አየች፤ ቀዮቹን፣ ግራጫዎቹን። ትንሿ ልጅ ቀድማት ጣቷን በሦስቱ ባዶዎች ላይ አሳረፈች።

«እኛ እዚህ፣ እዚህና እዚህ ነን» አለች።